ስለ ካምሻፍትና ነዳጅ ቁጠባ የሚወራው እና እውነታው

ካምሻፍት (ባጭሩ ካም) ሞተር ውስጥ የሚዞር ዘንግ ነው፣ ላዩ ላይ ያሉት እንቁላል መሳይ ጉብታዎች ስራቸው ቫልቮቹ (አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት በሮች) መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ መወሰን ነው፣ በቃ። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። ግን በዚች ስራ ላይ የሚወራው ወሬ መዓት ነው።

«ትልቅ ካም ከገባ ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል»

ግማሹ እውነት ነው። ቫልቩን ከፍ አርጎ ረዘም ላለ ጊዜ የሚከፍት ካም ከፍተኛ ዙር ላይ ጉልበት ይሰጣል፣ በደቂቃ ከ5000 በላይ በለው። ግን ማነው በ5000 ዙር የሚነዳው? መገናኛ ላይ በጭንቅንቅ ስትጎተት ሞተሩ ከ800 እስከ 2500 ባለው ውስጥ ነው። እዛ ላይ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ከረዘመ የተቃጠለው ጭስ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሚኒሞ ላይ (ቆሞ ሲሰራ) ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ያልተቃጠለ ቤንዚን እንዳለ በማርሚታ ይወጣል። ቁጠባው የታል ታዲያ?

«ፒስተኑ ታች ሲደርስ የማስገቢያው ቫልቭ ይዘጋል»

ትምህርት ቤት የሚሳለው ስዕል ላይ አዎ። እውነተኛ ሞተር ላይ ግን ፒስተኑ ታች ደርሶ መመለስ ከጀመረ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ክራንክሻፍቱ ሌላ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ዞሮ ነው የሚዘጋው። ምክንያቱም እየሮጠ የመጣ አየር ፒስተኑ ቢመለስም በግፊቱ መግባቱን ይቀጥላል። የታክሲ ረዳት በሩን ቶሎ ከዘጋ እየሮጠ የመጣው ተሳፋሪ ይቀራል፣ ካዘገየ ደግሞ የገባውም ሊወርድ ይችላል፣ ነገሩ እንደዛ ነው። ለኔ ከአራቱ የቫልቭ ሰዓቶች (ሁለት መክፈቻ፣ ሁለት መዝጊያ) ትልቁ ይሄኛው ነው፣ የነዳጅ ቁጠባው ጨዋታ በአብዛኛው እዚ ላይ ስለሆነ።

«የገባን አየር መልሶ ማስወጣት ኪሳራ ነው»

በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄደው ቶዮታ ፕሪየስ ግን ሆን ብሎ የሚያደርገው ይሄንን ነው! የማስገቢያውን ቫልቭ በጣም ዘግይቶ ይዘጋና ከገባው አየር የተወሰነውን መልሶ ይገፋዋል። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ በቀስታ ስትነዳ ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው ክዳን) ጠቦ ፒስተኑ አየር ለመሳብ የሚታገለው ትግል ይቀንሳል፣ ይሄ ትግል ደግሞ ዝም ብሎ የሚባክን ጉልበት ነው። ሁለተኛ፣ የሚታመቀው አየር አንሶ ሲቃጠል የሚለጠጥበት ርቀት ግን ሙሉ ስለሆነ ከእያንዳንዷ ጠብታ ብዙ ስራ ይወጣል። ሃሳቡ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከነበረው እንግሊዛዊ ጄምስ አትኪንሰን ነው የመጣው፣ እሱ ግን በተወሳሰበ ክራንክ ነበር ያደረገው፣ ዛሬ በካም ብቻ ይሰራል። ዋጋው ጉልበት ነው፣ የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ 1.5 ሊትር ሞተር 76 ፈረስ ጉልበት ሲያወጣ ያው መጠን ያለው ተራው ወንድሙ ከ100 ያልፋል። የጎደለውን ኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ባለ 1.8 ፕሪየስ ደግሞ ከነዳጁ ጉልበት እስከ 40 ፐርሰንት ወደ ስራ ይለውጣል ተብሏል፣ ለቤንዚን ሞተር ትልቅ ቁጥር ነው።

«ቪቪቲ አይ የተጻፈበት ሞተር ቫልቩ የሚከፈትበትን ከፍታ ከፍና ዝቅ ያደርጋል»

አያደርግም። ተራው የቶዮታ ቪቪቲ አይ፣ ቪትዝና ኮሮላ ላይ የምናየው፣ በዘይት ግፊት ካምሻፍቱን ትንሽ ወደፊት ወይ ወደኋላ ያዞረዋል እንጂ የጉብታው ቅርጽ ያው ነው፣ ቫልቩ ክፍት የሚቆይበት ርዝመትም አይቀየርም። ከአንድ ጉብታ ወደ ሌላ ትልቅ ጉብታ የሚቀይረው የሆንዳው ቪቴክ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1989 ላይ ኢንቴግራ በሚባለው መኪና የመጣው። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ከፍታውን ራሱን ያለማቋረጥ የሚቀይር ቫልቬትሮኒክ አመጣ፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አየሩን የሚመጥነው ስሮትሉ ሳይሆን ቫልቩ ራሱ ሆነ።

«ቺንጋውን አንድ ጥርስ ወደፊት ብታረገው ይሻላታል»

ኧረ ተው! ቺንጋው ክራንክሻፍቱንና ካሙን የሚያያይዝ ባለ ጥርስ ቀበቶ ነው። የካሙ ጥርስ 40 ነው እንበል፣ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ነው፣ ካሙ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር በክራንክሻፍቱ 18 ዲግሪ ይሆናል። ይሄ ማስተካከል አይባልም፣ ማበላሸት ነው። አንዳንድ ሞተር ላይማ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዛ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማስወረድ ነው።

«አዲስ አበባ ከፍታ ስላላት መኪና ብዙ ይጠጣል፣ ካም መቀየር ነው መፍትሄው»

ከ2300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ካም ይሄንን አይመልስም፣ ጉልበት መቀነሱ አይቀርም። ነዳጁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው የድሮ መኪና ለቆላ ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ እሱ እውነት ነው፣ መፍትሄው ግን ካርቡራተሩ ጋ ነው። ኢንጀክሽን (በኮምፒውተር እየተመጠነ ነዳጅ የሚረጭ) ያለው ግን ራሱን ያስተካክላል፣ እንዲያውም አየሩ ስስ ስለሆነ ለዛው ፍጥነት ስሮትሉ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ያ ከላይ ያልኩት አየር የመሳብ ትግል ትንሽ ይቀንስለታል።

ካም መቀየር ያማረው ሰው መጀመሪያ ዘይቱን በጊዜው ይቀይር፣ በተለይ ቪቪቲ አይ ካለው፣ ምክንያቱም ካሙን የሚያዞረው ዘይት በቀጭን ወንፊት ነው የሚያልፈው፣ ቆሻሻ ከደፈነው ካሙ በሰዓቱ አይዞርም፣ ያኔ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅም ይጨምራል።