የወታደር መኪና ካሶኒ፦ ጋራዥ ውስጥ የሚባለውና እውነታው

ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) የበሰበሰ ኦራል ወይም ዚል የተባለ የድሮ የሩሲያ ወታደራዊ ጭነት መኪና ገዝቶ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ዳንግላ ጋራዥ ያስገባ ሰው ምክር አይቸግረውም። በያጁም አናጢውም ሾፌሩም ሻይ ሊጠጣ ጎራ ያለውም የየራሱን ይላል። ከሚባለው ገሚሱ ለአስፋልት መኪና እንጂ ለእነዚህ አይሆንም፤ የቀረው ለየትኛውም አይሆንም። በብዛት የሚሰሙትን እንያቸው።

«ካሶኒው ሻንሲው ላይ ይበየድ፣ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም»

እውነት ነው፣ አይነቃነቅም። ጉዳቱም እሱ ነው። የእነዚህ መኪኖች ሻንሲ፣ ማለትም መኪናው የተሠራበት የብረት አጽም፣ ሁለት ረጃጅም ጎድጓዳ ብረቶች በተሻጋሪ ብረቶችና በሪቬት (ሁለት ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያስር የብረት ችንካር) ተያይዘው የተሠራ ነው። በሪቬት የተያያዘው ፋብሪካው መበየድ አቅቶት አይደለም፤ ሻንሲው እንዲጠማዘዝ ተፈልጎ ነው። ከሞጣ ወደ ገጠር በሚያስገባ ጥርጊያ መንገድ የፊት ግራ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የኋላ ቀኙ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ባሌስትራው (ከአክስሉ ጋር የተያያዘው ተደራራቢ የብረት ሞላ) የማይበቃውን ሻንሲው ተጠማዞ ይሞላዋል፤ ጎማዎቹም መሬት እንደያዙ ይቆያሉ።

ካሶኒ ግን ሳጥን ነው፣ መጠማዘዝ አይወድም። ሁለቱ ዳር እስከ ዳር ከተበየዱ ጥምዘዛው ሁሉ ነጻ በቀረችው አጭር ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ያችም ከጋቢናው ጀርባ፣ ካሶኒው የሚጀምርበት ናት። በዚያ ላይ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጠባይ ስለሚለውጠው ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ብየዳው ካለቀበት ጫፍ ነው።

መኪና ለመግዛት የምታዩ ከሆነ እዚያው ቦታ ላይ ያለውን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ አራግፉና ሪቬቶቹን ተመልከቱ። የላላ ሪቬት ጭንቅላቱ ዙሪያ የቡና ዱቄት የመሰለ ቀይ ቡናማ ነገር ያወጣል፣ ዝናብ ሲመታው ወደ ታች ይንዠቀዠቃል። ስንጥቅም ከቀለሙ ሥር በቀጭን የዝገት መስመር ራሱን ያጋልጣል። ሰሞኑን በተቀባ ሻንሲ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ እኔ ብሆን አዲስ ቀለም ከተቀባው ይልቅ ጭቃ የለበሰውን እመርጣለሁ።

ትክክለኛው አሠራር ካሶኒውን ከኋላ፣ በኋላ አክስሎቹ አካባቢ፣ አጥብቆ ማሰር፤ ከፊት ደግሞ ሞላ ባለው ብሎን መያዝ ነው። ሻንሲው ሲጠማዘዝ ሞላው ይታመቅና ካሶኒው ትንሽ ብድግ ብሎ ይመለሳል። በሻንሲውና በካሶኒው መካከል ከዳር እስከ ዳር የእንጨት ወራጅ ይገባል፤ ብረት በብረት ተፋግቶ እንዳይበላላ ይጠብቃል። የወራጁ የፊት ጫፍ ከሥሩ ሰያፍ ሆኖ ይጠረባል፣ ክብደቱ አንድ መስመር ላይ እንዳያርፍ። ለማሰሪያው ፋብሪካው የበሳቸውን ቀዳዳዎች ተጠቀሙ። አዲስ መብሳት ግድ ከሆነ በጎድጓዳው ብረት በቆመው ገጽ ላይ ይሁን እንጂ የላይኛውና የታችኛው ክንፍ አይነካ። ከመብሳታችሁ በፊት ከውስጥ በኩል እዩ፤ የፍሬን የአየር ቱቦና የመብራት ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ነው።

«ብሎን ይላላል»

ይላላል፤ ስለዚህ ይጠበቃል። ሰፊ ሮንዴላና ሁለት ዳዶ አድርጉ፣ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። የላላ ብሎን በቁልፍ ይመለሳል፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ ግን በቁልፍ አይመለስም።

«ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ከገበያ እንደመጣ ይመታ»

ጠንካራ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ እንደ ልብ ነው። ግን እርጥቡ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠባል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ ተጋጥሞ የተመታ ወለል ጥር ላይ እህል የሚያፈስ ክፍተት ይኖረዋል። ጣውላው ጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ በምስማር ከመቱት ስለሚፈነዳ ቀድሞ ይበሳና በብሎን ይታሰር። ጽድ፣ ዝግባ ወይም ዋንዛ አለን የሚሏችሁ ካሉ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

«ላሜራው በወፈረ ቁጥር ካሶኒው ይጠነክራል»

ሒሳቡን እንሥራው። የዚል-131 ካሶኒ ርዝመቱ 3.6 ሜትር፣ ስፋቱ 2.3 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በየሚሊ ሜትሩ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ወለሉን በ4 ሚሊ ላሜራ (ዝርግ ብረት) ብትሠሩት 260 ኪሎ፣ በ6 ሚሊ ብትሠሩት 390 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ ኩንታል ይበልጣል፤ መኪናው በሄደ ቁጥር ያለ ሒሳብ የሚጫን ኩንታል ማለት ነው። ወለልን የሚያጠነክረው ከሥሩ ያሉት ተሻጋሪ ብረቶች መቀራረብ ነው። ስስ ላሜራ በተቀራረበ ተሻጋሪ ላይ፣ ወፍራም ላሜራ በተራራቀ ተሻጋሪ ላይ ከሚሠራው የተሻለ ይይዛል።

«የወታደር መኪና ነው፣ የፈለጉትን ይሸከማል»

ይህ ነው ብዙ መኪና የጨረሰው። ዚል-131 ከአስፋልት ውጭ 3.5 ቶን፣ በአስፋልት 5 ቶን እንዲጭን ነው የተሠራው፤ ማለትም 35 ወይም 50 ኩንታል። ስድስቱም ጎማ መጎተቱ ከጭቃ ያወጣል እንጂ ባሌስትራውንና ፍሬኑን አያሳድግም። ስፖንዳው (የካሶኒው ጎን ግድግዳ) ከፍ ሲደረግ ግን ሰው ካሶኒውን እስኪሞላው ድረስ ይጭናል። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ገደማ ስለሚመዝን በዚያ ካሶኒ ላይ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው አሸዋ ብቻ ከ6 ቶን ተኩል በላይ ነው። የእንጅባራ ከሰል ሌላ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ከፍ ተደርጎ ይቆለላል፣ ችግሩም ክብደቱ ሳይሆን ኩርባ ላይ መገልበጡ ነው።

ካሶኒውን ወደ ኋላ ማስረዘምም እንዲሁ ነው። ከኋላ አክስሎቹ አልፎ የተንጠለጠለ ጭነት ፊቱን ያቀልለዋል፤ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ መሪው መሬት አልይዝ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

«ቤንዚኑ ከተቀዳ ታንከሩ አጠገብ መበየድ ይቻላል»

በፍጹም አይቻልም። ዚል-131 ከካሶኒው ሥር እያንዳንዳቸው 170 ሊትር የሚይዙ ሁለት የቤንዚን ታንከሮች አሉት። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ስለሆነ ባዶው ታንከር ከሙሉው የባሰ ነው። ፈትታችሁ አውጡት፣ ከሥራው ቦታም አርቁት። የባትሪውንም ሽቦ ንቀሉ፤ መኪናው አሮጌ ነው ተብሎ አይታለፍም፣ ጄነሬተሩ በብየዳ ኃይል ሊቃጠል ይችላል።

«ዝገቱን ቀለም ይገድለዋል፣ እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት»

ዝገት ከቀለም ሥርም መብላቱን አይተውም። በተለይ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በተበየደበት ውኃ ገብቶ ይቀራል፤ ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚፈልግ ላሜራው በብየዳ ነጥቦቹ መካከል ያብጣል። ያበጠ ካያችሁ ስቱኮ አትለጥፉበት፣ ቆርጣችሁ ቀይሩት። ጥሩው ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይጸዳ፣ በቲነር ይጠረግ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) በዚያው ቀን ይቀባ። በጎጃም ክረምት የጸዳ ብረት ሲያድር ይዝጋል።

የተቃጠለ ዘይት ምስጥ ያባርራል ይባላል፤ ለአጥር ምሰሶ ይሁን። በካሶኒ ወለል ላይ ግን ያንሸራትታል፣ ጤፍ ሲጫንበት ከጆንያው አልፎ ይሸታል፤ ነጋዴም የሸተተ ጤፍ አይገዛም። ለወለል የሚሆነው የተልባ ዘይት ነው፤ አየር ሲያገኘው እንጨቱ ውስጥ ይደርቃል፣ የምግብ ፓልም ዘይት ግን እንደረጠበ ይቀራል። ስስ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት፣ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።