«ኋላንና ፊትን እያየን እንሂድ»፦ የአይማራዎች አባባል እና የሙታን ማማዎቻቸው

በቅርቡ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ አንድ ተናጋሪ «ቂፕ ናይር ኡኝታሲስ ሳርናቃፕኻኛኒ» የሚለውን የአይማራ አባባል ጠቅሰው፣ «ያለፈውን ከኋላችን ጥለን ወደፊት እንገሥግሥ» ብለው ሲፈቱት ሰማሁ። በቦሊቪያና በፔሩ ደጋ የሚኖሩት አይማራዎች ግን የታየውን ያለፈ ዘመን ከዓይናቸው ፊት፣ ያልታየውን መጪ ዘመን ደግሞ ከጀርባቸው ያኖራሉ። በ2006 የታተመው የራፋኤል ኑኔዝና የኢቭ ስዊትሰር ጥናትም አረጋውያኑ ስለ ጥንቱ ሲያወጉ እጃቸውን ወደ ፊት እንደሚዘረጉ አሳይቷል። ያለፈውን «በፊት»፣ የሚመጣውን «በኋላ» ለምንል ለእኛ ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር።

ይህ አባባል የበቀለው ከቹልፓዎች ደጃፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ቹልፓ፣ ኢንካዎች ደጋውን ከመያዛቸው አስቀድሞ እንደ ኮላና ሉፓካ ያሉ የቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ሕዝቦች ለታላላቆቻቸው መሥራት የጀመሩት የመቃብር ማማ ነው። ከፑኖ ከተማ ብዙም በማይርቀው በሲሉስታኒ፣ የኡማዮን ሐይቅ ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ፣ እስከ 12 ሜትር ገደማ የሚደርሱ ክብ የድንጋይ ማማዎች ዛሬም ቆመዋል። ሟቹ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ታጥፎ፣ ተጠቅልሎና ታስሮ፣ አፈር ሳይጫነው ቀድመውት ካለፉት ዘመዶቹ አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ በሩም በደረት ተስቦ ካልሆነ የማይታለፍ ጠባብ ቢሆንም ለዘለዓለም የሚደፈን አልነበረም፤ ሌላ ሟች ይጨመርበታል፣ ለቀደሙትም ምግብና መጠጥ ይቀርብበታል። በ16ኛው መቶ ዘመን በአገሩ ያለፈው ስፔናዊው ሲዬሳ ደ ሌዮን፣ ሕዝቡ ለሕያዋን ቤት እምብዛም ሳይጨነቅ ለሙታን ይህን ያህል መድከሙ አስደንቆት ጽፏል።

የእነዚህ ማማዎች በር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። እንግዲህ በማለዳ ለአያቶቹ መጠጥ ይዞ በሩ ላይ የሚንበረከክ ሰው ፊቱን ወደ ሙታኑ ሲያዞር፣ ገና የምትወጣው ፀሐይ፣ ማለትም ያልኖረው ቀን፣ ከጀርባው ትቀራለች። ማስረጃው ይህን ሁሉ ለመሸከም ይበቃል ባልልም፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እንዲህ ሲንበረከክ አቋቋሙ ወደ አነጋገር መግባቱ ለእኔ አሳማኝ ነው።

ስለዚህ አባባሉን የንግግር ማድመቂያ የሚያደርጉ ሰዎች አያቶቹን ከኋላ ጥሎ መሮጥን ባያስመክሩት ይገባ ነበር፤ አይማራዎቹ እነዚያን ማማዎች ያቆሙት ሙታናቸውን ከፊታቸው እንዳያጡ ነውና።