በሽታ አምጪ እርሾዎችና መጣመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እርሾ ባለ አንድ ሴል ፈንገስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው በማቆጥቆጥ (ከሴሉ ጎን አዲስ ሴል በማውጣት) ስለሆነ፣ ጾታ የሚባል ነገር የማያውቅ ይመስላል። ሰው ላይ በሽታ ስለሚያመጡት እርሾዎች መጣመር፣ ማለትም ሁለት ሴሎች ተዋህደው ጂኖቻቸውን ስለመቀላቀላቸው፣ ደግሞ ብዙ ስህተት ይነገራል።

«ካንዲዳ አይጣመርም»

ሳይንቲስቶችም ለረጅም ዘመን እንዲህ ያምኑ ነበር። አፍና ብልት ላይ ኢንፌክሽን የሚያመጣውን ካንዲዳ አልቢካንስ ሲጣመር ያየው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ጾታን የሚወስኑት ጂኖቹ ተገኙ፤ በ2000 ደግሞ ሲጣመር ታየ። ወንድና ሴት አይባልም፤ ወገኖቹ «ኤ» እና «አልፋ» ናቸው። አብዛኛው ካንዲዳ ሁለቱንም በአንድ ሴል ይዞ ይኖራል፤ እንዲህ እያለ አይጣመርም። መጀመሪያ አንዱን ወገን መጣል፣ ከዚያ መልኩን መቀየር አለበት። ይህን ሁሉ ሳያውቁ መጠበቅ ከንቱ ነበር።

«ከተጣመረ እንደ ሌላው ፍጡር ይወልዳል»

አይደለም፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝም ይሄ ነው። የካንዲዳ ሴል ክሮሞዞሞቹን (ጂኖች የተደረደሩባቸውን ክሮች) በጥንድ ይይዛል። ሁለት ሴሎች ሲዋሃዱ አራት አራት ይሆናሉ። ከዚያ ሥርዓት ያለው ክፍፍል የለም፤ ክሮሞዞሞቹ እንደ ዕድል ይራገፋሉ። አንዱ ልጅ እኩል ጥንድ ይደርሰዋል፣ ሌላው አንድ ትርፍ ይዞ ይቀራል። ትርፉ ብዙ ጊዜ ሸክም ነው፤ እድገትን ያዘገያል። መድኃኒት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የ5ኛው ክሮሞዞም ግራ ክንድ ትርፍ ቅጂ ያለው ካንዲዳ ፍሉኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ይቋቋማል። እንዲህ ዓይነት ትርፍ ሳይጣመርም ይመጣል፤ መጣመር ግን የልጆቹን ዓይነት በአንዴ ያበዛዋል።

«ለመጣመር ሁለት ወገን ግድ ነው»

አይደለም። የማጅራት ገትር የሚያመጣው ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ ከሕመምተኞች ሲገኝ አልፋው እጅግ ይበዛል። ታዲያ «ኤ» ከየት ይምጣ? እ.ኤ.አ. በ2005 አልፋ ከአልፋ ጋር እንደሚጣመር ታወቀ። ውጤቱ ስፖር ነው፤ በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ጥልቀት ድረስ የሚደርስ ደቃቅ ነገር።

«መጣመር ሁሌም ይጠቅማል»

ሰውነታችንን በደንብ የለመደ እርሾ የተሳካለትን የጂን ቅንብር መበተን አያዋጣውም። ለዚህ ይመስለኛል አዘውትሮ እያቆጠቆጠ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጣመረው።

«ላቦራቶሪ ውስጥ ካልታየ የለም»

ሌላው በሽታ አምጪ እርሾ፣ ካንዲዳ ግላብራታ፣ የመጣመሪያ ጂኖቹን ይዟል፤ ሲጣመር ግን አልታየም። ሆኖም የተለያዩ ናሙናዎች ዘረመል ሲነጻጸር፣ ከሁለት ምንጭ የተቀላቀለ ዘር አሻራ ይታይበታል።