ከረንት ወረደ ማለት የናሙናው ገጽ አያስተላልፍም ማለት አይደለም

የሐዋሳ ማስተርስ ተማሪዎች ግሩፓችን ላይ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ነው፦ «የማይክሮስኮፑ ጫፍ ወደ ናሙናው ስትጠጋ ከረንቱ ወረደ፤ ናሙናው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ነው?» የግድ አይደለም። ስካኒንግ ኤሌክትሮኬሚካል ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም ፈሳሽ ውስጥ በገባች ትንሽ የኤሌክትሮድ ጫፍ ከረንት የሚለካው መሣሪያ፣ የሚያየው የናሙናው ገጽ ላይ ያለውን የሪአክሽን ፍጥነት ነው።

ጫፏን እንደ ቦኖ፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮን አመላላሽ ፌሮሲንሜታኖል ደግሞ እንደ ጀሪካን ውሰዱት። ቦኖዋ እየሞላች ትልካለች። ፊት ለፊት ያለው ቤት ጀሪካኑን ቶሎ ገልብጦ ባዶውን ከመለሰ ሥራዋ ይበዛል፤ ከረንቱ ይወጣል። ግድግዳ ከሆነ ግን ባዶ የሚመልስ የለም፤ ከሩቅ የሚመጣበትንም መንገድ ይዘጋል፤ ከረንቱ ይወርዳል። ቤቱ ኖሮ ገልባጩ ዘገምተኛ ከሆነስ? ከርቩ (ከረንቱ ከርቀቱ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው መስመር) በሁለቱ መሃል ላይ ያርፋል፤ የሪአክሽኑን ፍጥነት የምናሰላውም ከዚያ ነው።

በጣም ከዘገየ ከግድግዳ አይለይም። ትናንት አብረን ያየነው የወርቅ ናሙና የጣት ቅባት ነበረበት። በአልሙና ዱቄት አሽተን ስናጥበው ያው ከርቭ ሽቅብ ወጣ።

ጫፏ ከገጹ ያላትን ርቀትም አትርሱ። የፌሮሲንሜታኖል የስርጭት ቁጥር (ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰራጭ የሚለካው) በግምት 0.000007 ስኩዌር ሴንቲሜትር በሰከንድ ነው። ለ10 ማይክሮሜትር ርቀት ሲካፈል 0.007 ሴንቲሜትር በሰከንድ ይሆናል። ገጹ ከዚህ በብዙ ከፈጠነ ከርቩ ጣሪያ ይነካና ፍጥነቱን መለየት አይቻልም። ወደ 1 ማይክሮሜትር ስትጠጉ ወሰኑ 0.07 ይደርሳል።

አቅጣጫው አይቀየርም፦ ፈጣን ገጽ ወደ ላይ፣ የማይሠራ ገጽ ወደ ታች። ልኩ ግን ጫፏን በከበበው መስታወት ውፍረት ይለያያል። ስለዚህ ከሰው ቴሲስ ላይ ከርቭ አትዋሱ፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ጫፍ ንጹህ ፕላስቲክ ላይ አስጠግታችሁ ለኩ።