የተበከለ አየር ሰውነት ለክትባት በሚሰጠው ምላሽ ላይ

ክትባት ክንድ ላይ ከተወጋ በኋላ የበሽታ ተከላካይ ሴሎች የክትባቱን ይዘት ይዘው በብብት ሥር ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳሉ፤ በዚያም ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በቲ ሴሎች እየታገዙ ይባዛሉ፣ በሽታ አምጪዎችን የሚዋጉ ፕሮቲኖችን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካላትን፣ ያመርታሉ። ሰው ከመከተቡ በፊት ለዓመታት የተነፈሰው ቆሻሻ አየር ከዚህ ምላሽ መዳከም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

በስፔን ካታሎኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 65 ዓመት የሆኑ 927 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ በፊት በየመኖሪያ አካባቢያቸው የነበረውን የብክለት መጠን ገምተው ከክትባት በኋላ ከተወሰደው የደም ናሙና ጋር አነጻጽረዋል። ቀድሞ በቫይረሱ ካልተያዙት መካከል ለደቃቅ ብናኝ፣ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ለጥላሸት ይበልጥ የተጋለጡት ሰዎች ፀረ እንግዳ አካላት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ጉድለቱም ለወራት ቆይቷል። ይህ ክትባቱ አልሠራም ማለት ፈጽሞ አይደለም፤ መከተብን ለመተው ምክንያት አድርጎ የሚያነበው ሰው ራሱን ይጎዳል።

ጉዳቱ በዓይን የሚታይበት ቦታም አለ። በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ84 አካል ለጋሾች የተገኙ የሊምፍ ዕጢዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቁት፣ የአንጀት ዕጢዎች ፈዛዛ መልካቸውን ሲጠብቁ የሳንባዎቹ ግን ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየጠቆሩ ሄደዋል። ጥቁሩ ነገር የካርቦን ብናኝ ነው። ብናኙን የዋጡት ማክሮፋጅ የተባሉ ሴሎች ባዕድ ነገርን የመዋጥና ለሌሎች ሴሎች ምልክት የመስጠት አቅማቸው ቀንሷል፤ ቢ ሴሎች የሚሰባሰቡበት የዕጢው ክፍልም ቅርጹ ተዛብቷል። እርግጥ ክንድ ላይ የተወጋ ክትባት በቀጥታ የሚደርሰው ወደ ብብት ዕጢዎች እንጂ ወደ ሳንባዎቹ አይደለም፤ ሆኖም በብናኝ ሳቢያ ሳንባ ውስጥ የሚነሳው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) በደም አማካይነት ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው ዓመታዊ ወሰን በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው። በማገዶና በኩበት በሚበሰልበት ማድ ቤት ውስጥ መጠኑ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በኢትዮጵያ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንቱ ክትባት የሚወስድ ሕፃንም እናቱ ምጣዱ ሥር ያለውን እሳት እፍ እያለች እንጀራ ስትጋግር ጀርባዋ ላይ እንደታዘለ ያንኑ ጭስ ይተነፍሳል።