ሚስል ምንድን ነው? ጎሳስ ለምን አይደለም?

የሲኮች (የሕንድ አገር የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ታሪክ በተነሣ ቁጥር «ሚስል ማለት የሲክ ጎሳ ነው፤ ራንጂት ሲንግ (የሲኮቹ ንጉሥ) እርስ በርስ ሲባሉ የኖሩትን ጎሳዎች ቀጥቅጦ መንግሥት አቆመ» የሚል ይመጣል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈው። ሲኮች ሥልጣን ላይ እንዴት እንደወጡ ከሥሩ የሚያዛባ ስሕተት ስለሆነ ዝም ሊባል አይገባም።

ሚስል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ በሕንድና በፓኪስታን መካከል በተከፈለው በፑንጃብ አገር ውስጥ የነበረ የፈረሰኞች ጓድ ነው። የሚገባበት በትውልድ አይደለም፤ ፈረስና መሣሪያ ይዞ በፈቃድ ነው። ዕቁብን አስቡ። አንድ ፈረስ አንድ ዕጣ ነው። ብቻውን የመጣ አንድ፣ አራት ፈረሰኛ አስከትሎ የመጣ አምስት ዕጣ አለው፤ ከምርኮውም ከተያዘው መሬትም በዚያው ልክ ይደርሰዋል። የሚስሉ መሪ፣ ሰርዳሩ፣ እንደ ዕቁብ ዳኛ ነው፤ ይመራል እንጂ ሁሉም የእሱ አይደለም። ያልተመቸው ፈረሰኛ ወደ ሌላ ሚስል መሻገር ይችል ነበር። ከጎሳ ግን ተሻግሮ የሚወጣ የለም።

መሪዎቹንም እዩ። የአህሉዋሊያው ጃሳ ሲንግ ከአረቄ አውጪዎች ወገን ነው፤ የራምጋርያው ጃሳ ሲንግ ከአናጺዎች። ብዙው ፈረሰኛ ደግሞ ጃት ከሚባለው የገበሬ ወገን ነበር። የትኛው ጎሳ ነው እነዚህን ሁሉ የሚያቅፈው?

በ1748 እ.ኤ.አ. በሲኮች ቅድስት ከተማ በአምሪትሳር ላይ የተበተኑት ጓዶች በአንድ ጦር፣ በዳል ካልሳ (ካልሳ የተጠመቁ ሲኮች ማኅበር ነው) ሥር ተደራጁ። ብዙውን ጊዜ 12 ሚስሎች ይባላል፤ ከሱትለጅ ወንዝ ደቡብ የነበሩት ፉልኪያኖች ግን የዳል ካልሳ አባል ስላልነበሩ 11 ማለት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሚስል የሚጠቀሰውን የፈረሰኛ ብዛትም በጥንቃቄ ያዙት፤ ብዙው የተጻፈው ዘግይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በቫይሳኪና በዲዋሊ በዓላት አምሪትሳር ላይ ሳርባት ካልሳ የተባለው ጉባኤ ይሰበሰብ ነበር፤ በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ በጉሩ ግራንት ሳሂብ ፊት የጸደቀው ውሳኔ፣ ጉርማታ፣ ሁሉንም ያስገድድ ነበር።

ገቢያቸው ራኪ ነበር። መንደሩ ከምርቱ አንድ አምስተኛውን በየመኸሩ ይሰጣል፤ ሚስሉ ደግሞ ከአፍጋኑም ከሌላው ዘራፊም ይጠብቀዋል። ጥበቃው የያዘበት አገር ቀስ በቀስ ግዛት ሆነ። የካቲት 1762 የአፍጋኑ ንጉሥ አሕመድ ሻህ አብዳሊ ሲኮችን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀባቸው። ሆኖም ሲኮቹ በ1764 የሲርሂንድን፣ በ1765 የላሆርን ከተማ ያዙ። ቢቆረጥ ሁሉን የሚጥል አንድ ራስ ስላልነበራቸው አልፈረሱም።

የዕቁቡ ነገር የተበላሸው መሬቱ ለልጅ መውረስ ሲጀምር ነው። ዳኛው ባለርስት ሆነ፤ ሚስሎቹም እርስ በርስ ተዋጉ። ራንጂት ሲንግ ራሱ የሱከርቻኪያ ሚስል ወራሽ ነው። በ1799 ላሆርን የያዘውም አማቱ ሳዳ ኮር ከካናይያ ሚስል ባመጣችው ጦር ታግዞ ነው። በ1801 ማሃራጃ (ታላቅ ንጉሥ) ተባለ፤ ከ1805ቱ ስብሰባ በኋላ ደግሞ ለአገር ጉዳይ ሳርባት ካልሳን አልጠራም። መንግሥቱ ግን ሰርካር ካልሳ (የካልሳ መንግሥት) ይባል ነበር፤ ገንዘቡንም ያስመታው በራሱ ሳይሆን በሲክ ሃይማኖት መምህራን፣ በጉሩዎቹ፣ ስም ነው። ያስገበራቸው ሰርዳሮችም የዚያው ካልሳ አባላት ነበሩ፤ ብዙዎቹንም ከነፈረሰኞቻቸው በጦሩ ውስጥ አሰለፋቸው።