ግድግዳ ማፍረስ ተመራማሪን አያቀራርብም

እዚህ ጎንደር ስለ ምርምር ሕንፃ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንዱ ይነሳና «ግድግዳ አታብዙ! ሐኪሙም፣ የግብርናውም፣ የኮምፒውተሩም አንድ አዳራሽ ይግባ፤ ያኔ ይተባበራል» ይላል። ቤቱ ያጨበጭባል። አርክቴክቱ እኔ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። ዛሬስ ልናገር።

«ክፍት ከሆነ ይነጋገራሉ።» አይነጋገሩም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ የሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞችን በመሣሪያ ተከታተለ። የፊት ለፊት ንግግራቸው 70 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ኢሜይሉ ጨመረ። ይሄ እንግዲህ ቢሮ ነው። ላብራቶሪ (ላብ) ሲሆን ይብሳል፤ የቲቢ ናሙና የሚያድግበት ክፍል በሩ ተዘግቶ፣ አየሩ ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው የሚሠራው። አዳራሽ ውስጥ ልታደርጉት ነው?

ወሳኙ ርቀት ነው። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ተመራማሪ ቶማስ አለን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየው፣ በሁለት መሐንዲሶች መካከል ያለው መንገድ 50 ሜትር ከደረሰ ስለ ሥራ መነጋገራቸው እጅግ ይመነምናል።

«ሕንፃው ዘመናዊ ይሁን።» የኤምአይቲ «ሕንፃ 20» እ.ኤ.አ. በ1943 ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተብሎ በጥድፊያ የቆመ የእንጨት ቤት ነበር። ግን በጦርነቱ ጊዜ የራዳር ሰዎች፣ ኋላም የቋንቋ ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ተቀራርበው ሠርተውበታል፤ የፈረሰው በ1998 ነው። ግድግዳም ነበረው።

«ቡና ክፍል አለን እኮ!» የት? አንድ ደንበኛዬ፣ ስሙ ይቆይ፣ የፋሲል ግንብ ይታይበታል ብሎ ላይኛው ፎቅ ላይ አሠራው። ብለምነው ብቆጣው አልሰማም። ግንቡ በእርግጥ ያምራል። ክፍሉ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋ ነው፣ የሚከፈተውም እንግዳ ሲመጣ ብቻ። ተመራማሪዎቹስ? ከአጥሩ ውጭ ላስቲክ ወጥራ ጀበና የጣደችው ልጅ ጋ፣ በርጩማ ላይ ተኮልኩለዋል። ካላዛር የሚያክመው ሐኪምና በሽታውን የምታስተላልፈውን የአሸዋ ዝንብ የሚያጠናው ባለሙያ የተዋወቁት እዚያ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ እየሠሩ!

ላብ ውስጥ መብላት መጠጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ቡናውን ከላቡ በር ውጭ፣ ግን ጋውን አውልቀው ጥቂት ተራምደው የሚደርሱበት ቦታ፣ ሁሉም በሚወጣበት ደረጃ አጠገብ አድርጉት። ሴንትሪፊዩጅ (ናሙና እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን) እና ናሙና የሚቀመጥበት ማይናስ 80 ዲግሪ ፍሪዘርም ለየትምህርት ክፍሉ አትግዙ። አንድ የጋራ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጄኔሬተር ይሁኑ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉም ናሙናውን ሊያይ እዚያው ይሮጣል። መጸዳጃ ቤቱም ከዚያው አይራቅ።